ጥያቄና መልስ፦ ማንም ያልጻፈበትን ሜሞሪ የሚያነብ ከርነል

በዚህ እትም ያስተናገድናቸው ጥያቄዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ችግር ዙሪያ ነው፤ ከርነል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ መነሻ ዋጋ ያልተሰጠውን ሜሞሪ እንደተሰጠው ቆጥሮ ሲያነብ በሚፈጠር ብልሽት። በሄክስ (ባለ16 መሠረት) ቁጥሮች ውስጥ ያሉትን ፊደላት እንደሚነበቡት ጽፈናቸዋል፤ ኤ 10 ነው፣ ኤፍ ደግሞ 15።

ጥያቄ፦ ለኤክስ86 ባለ64 ቢት ፕሮሰሰር ትንሽ ከርነል እየጻፍኩ ነው። ኪውኢሙ በተባለው የኮምፒውተር አስመሳይ ፕሮግራም ላይ ሁልጊዜ በትክክል ይነሳል። በፍላሽ አድርጌ እውነተኛ ኮምፒውተር ላይ ሳስነሳው ግን አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቀራል። ‹ሎግ ተጀምሯል› የምትል ግሎባል ፍላግ አለችኝ፤ ማንም ሳይነካት ዜሮ ያልሆነ ዋጋ ይዛ አገኛታለሁ። ኮዱ ያው ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ኮዱ ያው ቢሆንም ሜሞሪው ያው አይደለም። ኪውኢሙ ለእንግዳው ማሽን ራም አድርጎ የሚያቀርበው ከታች ካለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጠየቀውን ሜሞሪ ነው። ያ ሲስተም ደግሞ የአንዱ ፕሮግራም መረጃ ለሌላው እንዳይታይ አዲስ ገጽ የሚሰጠው በዜሮ ሞልቶ ነው። ስለዚህ ኪውኢሙ ውስጥ ያልተነካ ሜሞሪ ዜሮ ሆኖ ይገኛል፣ ጉድለቱም ተሸፍኖ ይቆያል። እውነተኛ ማሽን ላይ የሚጠብቅዎት ግን ፈርምዌሩ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ሲሠራበት የተወው ቅሪት፣ ወይም ኃይል ሲገባ ሴሎቹ በዘፈቀደ የያዙት ቢት ነው።

ሲ ቋንቋ መነሻ ዋጋ ያልተጻፈለት ግሎባል ተለዋዋጭ ዜሮ እንደሚሆን ይደነግጋል። ድንጋጌውን የሚፈጽመው ግን ኮምፓይለሩ ሳይሆን ፕሮግራሙን የሚጭነው አካል ነው። እነዚህ ተለዋዋጮች የሚቀመጡበት ቢኤስኤስ የሚባለው ክፍል በፋይሉ ውስጥ ቦታ አይይዝም፤ መጠኑ ብቻ ይመዘገባል። ኢኤልኤፍ በተባለው የፕሮግራም ፋይል ዓይነት፣ የፕሮግራም ሄደሩ ላይ ሁለት መጠኖች ጎን ለጎን ተጽፈዋል፤ አንዱ በፋይሉ ውስጥ ያለው፣ ሌላው በሜሞሪ የሚያስፈልገው። ሁለተኛው ከበለጠ ልዩነቱ በዜሮ መሞላት አለበት። ግራብ የተባለው ቡትሎደር (ከርነሉን የሚጭነው ፕሮግራም) ኢኤልኤፍ ሲጭን ይህን ያደርጋል። ቡትሎደሩን ራስዎ ከጻፉት፣ ወይም ከርነሉን በኦብጅኮፒ ወደ ጥሬ ባይነሪ ከለወጡት ግን እርስዎ ካልሞሉት የሚሞላው የለም።

መጀመሪያ የፍላጓን አድራሻ ሲምቦሎችን በሚዘረዝረው ኤንኤም ያውጡና በሊንከር ስክሪፕትዎ (የፕሮግራሙ ክፍሎች የት እንደሚቀመጡ በሚወስነው ፋይል) ላይ በቢኤስኤስ መጀመሪያና መጨረሻ ሲምቦሎች መካከል መውደቋን ያረጋግጡ። ውጭ ሆና ከተገኘች ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ከ10ኛው ስሪት በፊት እንዲህ ያሉ ግሎባሎችን ‹ኮመን› በሚባል የተለየ ቦታ ያስቀምጥ ነበር፤ ስክሪፕቱ ኮመንን ካልጠራ ከሲምቦሎቹ ውጭ ይቀራሉ። እያንዳንዱን ተለዋዋጭ በየራሱ ክፍል የሚያስቀምጠው ‹ዳታ ሴክሽንስ› አማራጭ ከበራም እንዲሁ ነው፤ ስክሪፕቱ ቢኤስኤስ የሚለውን ስም ብቻ ይዞ በነጥብ የተቀጠሉትን ስሞች ካልጠራ ሊንከሩ ባሻው ቦታ ያኖራቸዋል።

ቀጥሎ የማጽጃውን ኮድ ይመልከቱ። የሊንከር ሲምቦል ውስጡ ምንም ዋጋ የለም፤ መረጃው አድራሻው ራሱ ነው። በሲ ውስጥ ሲምቦሉን እንደ ቁጥር አውጀው ዋጋውን ካነበቡ፣ የሚያገኙት በዚያ አድራሻ ላይ የተኛውን ውዳቂ ነው፤ ማጽጃውም የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አይታወቅም። የቻር አሬይ አድርገው ያውጁት፤ ያኔ ስሙ በቀጥታ አድራሻውን ይሰጥዎታል።

ከሁሉ በላይ ብዙ ሰዓት የሚበላው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። የከርነሉን ስታክ (ፋንክሽኖች መመለሻ አድራሻቸውንና ጊዜያዊ ዋጋዎችን የሚያስቀምጡበትን ሜሞሪ) ራሱን ቢኤስኤስ ውስጥ ካስቀመጡና ማጽጃውን እንደ ሲ ፋንክሽን ከጠሩት፣ ፋንክሽኑ የራሱን መመለሻ አድራሻ ያጠፋል። ሲጨርስ ወደ አድራሻ ዜሮ ይዘላል። ስለዚህ ስታክ ከመጠቀምዎ በፊት፣ በአሴምብሊ ያጽዱት፤ ከፕሮሰሰሩ ሬጅስተሮች (ውስጣዊ የዋጋ መያዣዎች) መጀመሪያውን ኢዲአይ ላይ፣ የባይቱን ብዛት ኢሲኤክስ ላይ፣ ዜሮን ኢኤኤክስ ላይ አድርገው፣ አቅጣጫውን በሲኤልዲ ኢንስትራክሽን አስተካክለው፣ ደጋግሞ በሚጽፈው ሬፕ ስቶስቢ ይሙሉ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በመልቲቡት (በቡትሎደርና በከርነል መካከል ባለው የርክክብ ደንብ) የሚሠራ ቡትሎደር ከርነሉን ሲያስነሳ መለያ ቁጥሩን የሚያስረክበው ኢኤኤክስ ላይ ነው፣ የመረጃውን አድራሻ ደግሞ ኢቢኤክስ ላይ። ኢኤኤክስን ዜሮ ሲያደርጉ መለያው ይጠፋል። ወደ ግሎባል ተለዋዋጭ ቢያስቀምጡትም ተለዋዋጩ ቢኤስኤስ ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይጸዳል። መጀመሪያ ወደ ኢዲኤክስ ያዛውሩት፤ ሬፕ ስቶስቢ አይነካውም።

ሜሞሪን በአንድ ዋጋ የሚሞላውን ሜምሴት ፋንክሽን ራስዎ ጽፈው ከሆነ ደግሞ ዲስአሴምብል አድርገው ይዩት። ኦፕቲማይዜሽን ሲበራ ኮምፓይለሩ የሙሌት ሉፕን አይቶ በሜምሴት ጥሪ ይተካዋል። ሉፑ ያለው ሜምሴት ውስጥ ከሆነ ፋንክሽኑ ራሱን ይጠራል፤ ስታኩ እስኪያልቅ አያቆምም። ፍሪስታንዲንግ የሚለው አማራጭ ይህን አይከለክልም። ጂሲሲ ላይ የሚከለክለው ‹ኖ ትሪ ሉፕ ዲስትሪቢዩት ፓተርንስ› ነው፤ ሜምሴት ያለበትን ፋይል ብቻ በእሱ ኮምፓይል ማድረግ ይበቃል።

አስተካክለው ሲጨርሱ ኪውኢሙንም እንደ እውነተኛው ማሽን ያቆሽሹት። 128 ሜጋባይት፣ ማለትም 134,217,728 ባይት የሆነ ፋይል አዘጋጅተው ሁሉንም ባይት በሄክስ ኤ5 ይሙሉትና ‹ሜሞሪ ባክኤንድ ፋይል› በሚባለው ኦብጀክት የማሽኑ ራም ያድርጉት። የማጋራት አማራጩን ካላበሩት ፋይሉ አይለወጥም፤ በየጊዜው ከአንድ ዓይነት ቆሻሻ ይነሳሉ። መጀመሪያውኑ በዘፈቀደ ባይት እንዳይሞሉት እንመክራለን። ኤ5 እየተደጋገመ የታየበት ተለዋዋጭ ማንም ያልጻፈበት መሆኑን በዓይንዎ ይለዩታል፤ የዘፈቀደ ቁጥር ግን ምንም አይነግርዎትም። በኤ5 የተሞላ ፖይንተር በ64 ቢት ሞድ ቅርጹ ያልተፈቀደ አድራሻ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ፔጅ ፎልት (ገጹ ስላልተገኘ ወይም ስለተከለከለ የሚነሳ ስህተት) ሳይሆን ጀነራል ፕሮቴክሽን፣ ቁጥር 13ን ነው የሚያነሳው። ያኔ ፔጅ ፎልት ያስነሳው አድራሻ በሚመዘገብበት ሲአር2 ሬጅስተር ላይ ጠቃሚ አድራሻ አይፈልጉ፤ ሬጅስተሮቹን ይዩ።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ይነሳል፣ ሪስታርት ሲደረግ ግን ይንጠለጠላል።

መልስ፦ ሪሴት ራምን አያጸዳም። ሁለተኛው አነሳስ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ቅሪት ነው፤ የተቆለፈ ሎክ፣ ‹ዝግጁ› የሚል ፍላግ፣ ድሮ ትክክል የነበረ ፖይንተር። ቅሪቱ ትክክለኛ ስለሚመስል ከዘፈቀደ ቆሻሻ ይልቅ ያሳስታል። ኪውኢሙ ላይም ሞኒተር ከሚባለው የትእዛዝ መስጫ ‹ሲስተም ሪሴት› ቢሰጡት ራሙ እንዳለ ስለሚቆይ ብልሽቱን እዚያው ማምጣት ይችላሉ።

ቢኤስኤስ መጽዳቱን ካረጋገጡ በኋላም ከቀጠለ መሣሪያዎቹን ይጠርጥሩ። በተለይ በኬኤግዜክ ዓይነት ዘዴ ከከርነል ወደ ከርነል ሲዘለል፣ የቀድሞው ከርነል ያልዘጋው የኔትወርክ ካርድ የመጡለትን ፓኬቶች በዲኤምኤ (ያለ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ወደ ሜሞሪ በመጻፍ) ድሮ ወደተሰጠው አድራሻ መጻፉን ይቀጥላል። አዲሱ ከርነል ዜሮ ያደረገው ገጽ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የፓኬት ሄደር ይዞ ይገኛል። ከመዝለሉ በፊት በእያንዳንዱ ፒሲአይ መሣሪያ የኮማንድ ሬጅስተር ላይ የባስ ማስተር ቢቱን፣ ከዜሮ ሲቆጠር ቢት 2ን፣ ያጥፉ።

ጥያቄ፦ የፊዚካል ሜሞሪ አሎኬተር (ገጾችን የሚያድል ኮድ) በቢትማፕ፣ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ቢት በመያዝ፣ ጻፍኩ። ትንሽ ገጽ ስጠይቅ ችግር የለም። ብዙ ስጠይቅ የከርነሉ ኮድ ራሱ ይበላሻል፤ አንድ ማሽን ላይ ደግሞ ፈርምዌሩ ስለ ሃርድዌሩ የሚተወው የኤሲፒአይ ሰንጠረዥ ጠፋብኝ።

መልስ፦ ሁለቱም ምልክቶች የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው፤ አሎኬተርዎ የእሱ ያልሆነውን እየሰጠ ነው። የቢትማፑን መነሻ ዋጋ ይዩ። ሁሉን ዜሮ፣ ማለትም ‹ነጻ› አድርገው ጀምረው የተከለለውን ብቻ የሚያዙ ከሆነ፣ በፈርምዌሩ ካርታ ላይ ጭራሽ ያልተጠቀሰ ክፍተት ሁሉ ነጻ ሜሞሪ ይሆናል። ግልባጩን ያድርጉ። ሁሉን 1፣ ማለትም ‹የተያዘ› አድርገው ይጀምሩ፤ ካርታው ዓይነት 1፣ ማለትም ነጻ ራም፣ ያላቸውን ክልሎች ብቻ ነጻ ያድርጉ፤ ከዚያ ከውስጣቸው የከርነሉን ምስል፣ ቢትማፑን ራሱን፣ የመልቲቡት መረጃውን፣ የተጫኑ ሞጁሎችንና ገጽ ዜሮን መልሰው ይያዙ። የመልቲቡት መረጃው ቡትሎደሩ ባሻው ቦታ የሚያስቀምጠው ስለሆነ በብዛት የሚረሳው እሱ ነው፤ ካርታውን እያነበቡ ሳለ ካርታው ራሱ ተጽፎበት ይገኛል።

የኤሲፒአዩ ነገር ከአጠጋግ የመጣ ይመስለናል። ብዙ ባዮስ (የቆየው የፒሲ ፈርምዌር) የሚሰጠው የመጀመሪያ ክልል ከ0 ተነስቶ ሄክስ 9ኤፍሲ00 ላይ ያበቃል፤ ይህ 639 ኪሎባይት ነው። ለ4,096 ሲካፈል 159.75 ገጽ ይሆናል። ወደ ላይ ካጠጋጉት 160ኛውንም ገጽ ነጻ አድርገዋል፤ የዚያ ገጽ የመጨረሻው 1 ኪሎባይት ግን የባዮሱ የተራዘመ መረጃ ክልል ነው። የኤሲፒአይ መነሻ ፖይንተር ከሚፈለግባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ የዚያ ክልል የመጀመሪያው 1 ኪሎባይት ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ያጠፋዋል። ነጻ ክልል ሲሆን መጀመሪያው ወደ ላይ፣ መጨረሻው ወደ ታች ይጠጋጋል። የተከለለ ሲሆን ተቃራኒው። ክልሎቹ በቅደም ተከተል ላይመጡ፣ ሊደራረቡም ይችላሉ፤ በተደራረቡበት ቦታ የተከለለው ያሸንፋል።

በመልቲቡት 1 ካርታ ላይ የእያንዳንዱ መዝገብ የመጠን ሜዳ ራሱን አይቆጥርም፤ ወደሚቀጥለው ለመሄድ በመጠኑ ላይ 4 ይደምራሉ። 4ቱን ከረሱ ከሁለተኛው መዝገብ ጀምሮ የሚያነቡት የተዛነፈ ቁጥር ነው።

ስለ አድራሻ ስፋትም እንጨምር። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ ከ4 ጊጋባይት በታች ያለው የአድራሻ ቦታ የተወሰነው ክፍል ለመሣሪያዎች ስለሚሰጥ ቀሪው ራም ከ4 ጊጋባይት በላይ ተዛውሮ ይታያል። አድራሻውን በ32 ቢት ተለዋዋጭ ከያዙት የላይኛው ቢት ይቆረጥና 4 ጊጋባይት የነበረው አድራሻ ዜሮ ይሆናል። የቢትማፑን መጠን ሲያሰሉ ደግሞ ከፍተኛውን አድራሻ ከነጻ ክልሎች ብቻ ይውሰዱ። አንዳንድ ማሽን 1 ቴራባይት ጥግ ላይ የተከለለ ክልል ያስመዘግባል፤ እሱን ከቆጠሩ ቢትማፑ 32 ሜጋባይት ይሆናል። 4 ጊጋባይት ለመሸፈን የሚበቃው ግን 128 ኪሎባይት ነው።

ጥፋቱን ለመያዝ ብዙዎች ወደ ጂዲቢ ዲበገር ዋችፖይንት (አንድ አድራሻ ሲጻፍበት ፕሮግራሙን የሚያስቆም ወጥመድ) ይሮጣሉ። እዚህ ላይ ግን አያዋጣም። ዋችፖይንት የሚጠብቀው ቨርቹዋል አድራሻን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ወደ ፊዚካል የሚተረጉመውን፣ ነው፣ ገጹ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጻፍበት በሌላ ማፒንግ፣ በሌላ ቨርቹዋል አድራሻ ነው። የኮድ ገጾችን ለንባብ ብቻ ማድረግም በዚሁ ምክንያት ያመልጠዋል፤ ለዚያውም ሲአር0 ሬጅስተር ላይ ቢት 16 ካልበራ ከርነሉ የጽሑፍ ክልከላውን ጭራሽ አያከብርም። ቀላሉና የማያመልጠው መንገድ ይኸው፦ አሎኬተሩ ገጽ ከመመለሱ በፊት ፊዚካል አድራሻው ከከርነሉ መጀመሪያና መጨረሻ መካከል፣ ከቢትማፑም ውስጥ አለመሆኑን ይፈትሽ፤ ከሆነ እዚያው ይቁም። ሦስት መስመር ኮድ ነው፣ የሚያቆምዎትም ገጹ በተሰጠበት ቅጽበት እንጂ ውጤቱ ከታየ በኋላ አይደለም።

ጥያቄ፦ ፔጂንግን (ቨርቹዋል አድራሻን በሰንጠረዥ የመተርጎም ሥርዓትን) ባበራሁ ቅጽበት ማሽኑ ሪሴት ያደርጋል። የፔጅ ቴብሉን ኮድ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስህተት አላገኘሁም።

መልስ፦ ሪሴቱ የሦስተኛ ደረጃ ፎልት ነው፤ ፔጅ ፎልት ተነሳ፣ የሚቀበለው ሲጠፋ ደብል ፎልት ተከተለ፣ እሱም ተቀባይ ሲያጣ ፕሮሰሰሩ ተዘጋ። ኮዱን ማንበብ ትተው ፕሮሰሰሩን ይጠይቁት። ኪውኢሙን ኢንተረፕቶችንና ሪሴቶችን እንዲመዘግብ፣ በሪሴትም እንዳይነሳና እንዳይዘጋ አድርገው ያስጀምሩት። ከመዝገቡ ላይ መጀመሪያ የተነሳውን ቁጥር 14 ይፈልጉ፤ የመጨረሻውን አይመልከቱ፣ እሱ መዘዙ ነው። ከጎኑ የስህተት ኮዱና ሲአር2 ተጽፈዋል።

ኮዱ በቢት ይነበባል። ቢት 0 ገጹ ‹አለ› ተብሎ መመዝገቡን፣ ቢት 1 ጽሑፍ መሆኑን፣ ቢት 2 ከተጠቃሚ ሞድ መምጣቱን፣ ቢት 3 በሰንጠረዡ ውስጥ ዜሮ መሆን የነበረበት የተጠበቀ ቢት በርቶ መገኘቱን፣ ቢት 4 ኢንስትራክሽን ለማምጣት መሆኑን ይናገራል። ቢት 3 ከበራ፣ ለምሳሌ ኮዱ 9 ከሆነ፣ መልሱ እጅዎ ገባ ማለት ነው። ትክክለኛ መዝገብ በአጋጣሚ የተጠበቁ ቢቶችን አያበራም፤ ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ያነበበው ያልጸዳ ገጽን ነው። በሞኒተሩ ከሲአር3 (የላይኛውን ሰንጠረዥ አድራሻ ከሚይዘው ሬጅስተር) ተነስተው በኤክስፒ ትዕዛዝ እያንዳንዱን ደረጃ በፊዚካል አድራሻ ያንብቡ። 512 መዝገቦች እያንዳንዳቸው 8 ባይት፣ በአንድ ገጽ 4,096 ባይት ነው። እርስዎ የሞሏቸው ጥቂቶቹ ሲሆኑ ሌሎቹ ሁሉ ዜሮ ካልሆኑ ጨርሰዋል። ኮዱ 0 ወይም 16 ከሆነና ሲአር2 ከሚሠራው ኢንስትራክሽን አድራሻ ጋር ከተገጣጠመ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ፔጂንግ የሚያበራው ኮድ ራሱ ያለበትን ገጽ ማፕ አላደረጉትም።

ማስተካከያው አዲስ የሰንጠረዥ ገጽ ሲወስዱ መጀመሪያ 4,096ቱንም ባይት ዜሮ ማድረግ፣ ከላዩ ካለው ሰንጠረዥ ጋር ማያያዝ ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ማገላበጥ ‹ትንሽ ቆይቼ አጸዳዋለሁ› ለሚል ሰው ምንም አይመስልም። ፕሮሰሰሩ ግን ኮድዎ ያልጠየቀውን አድራሻም በግምት ቀድሞ ሊተረጉምና ቲኤልቢ በሚባለው የትርጉም ማስቀመጫ ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል። በተያያዘበትና በጸዳበት መካከል ያለው አጭር ጊዜ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡ ንጹህ ሆኖ እያዩት ፕሮሰሰሩ በቆሻሻው ትርጉም ይሠራል። ፔጂንግ ከበራ በኋላ ደግሞ ገጹን የሚያጸዱት በቨርቹዋል አድራሻ መሆኑን አይርሱ፤ ፊዚካል አድራሻውን እንደ ፖይንተር ተጠቅመው ከጻፉ ያጸዱት ሌላ ገጽ ነው።

ጥያቄ፦ ለሊኑክስ ድራይቨር እጽፋለሁ። ሜሞሪ የሚመድበውን ኬማሎክን ሁሉ ዜሮ ሞልቶ በሚመድበው ኬዛሎክ ብተካ ከዚህ ጣጣ አልገላገልም?

መልስ፦ በአብዛኛው አዎ፤ የቁጥጥር ስትራክቸር ሁሉ በኬዛሎክ ይመደብ እንላለን። አሬይ ሲሆን ኬካሎክን ይጠቀሙ፤ የብዛትና የመጠን ብዜቱ ከልክ ሲያልፍም ይከላከላል። ወዲያው ሙሉ በሙሉ የሚጻፍበት ትልቅ ባፈር ግን በኬማሎክ ቢሆን ጉዳት የለውም።

ሆኖም ዜሮ ሁልጊዜ ‹ባዶ› ማለት አይደለም። የተጠቃሚ መለያ ቁጥር ዜሮ ሩት፣ ማለትም የሁሉ ሥልጣን ባለቤት፣ ነው። ሜዳውን መሙላት ረስተው ዜሮ ቢቀር፣ ፍተሻው ተጠቃሚውን እንደ ሩት ያሳልፈዋል፣ ምንም ዓይነት መሣሪያም ‹ይህ ያልተጻፈበት ነው› ብሎ አይነግርዎትም፤ ተጽፎበታልና።

ኬዛሎክ የማይደርስበት ስታክ ላይ ያለው ስትራክቸር ነው። ባለ4 ባይት ቁጥር ተከትሎት ባለ8 ባይት ቁጥር ያለበትን ስትራክቸር ይውሰዱ። ሜዳዎቹ 12 ባይት ናቸው፣ ስትራክቸሩ ግን 16 ይይዛል፤ በመካከል ኮምፓይለሩ ለአሰላለፍ የተወው 4 ባይት አለ። ሁለቱንም ሜዳዎች ሞልተው በኮፒ ቱ ዩዘር ሲልኩት እነዚያ 4 ባይቶች የቀድሞ ፋንክሽን ስታክ ላይ የተወውን፣ ምናልባትም የከርነል አድራሻ ቁራጭ፣ ለተጠቃሚው ይሰጣሉ። በቅንፍ ውስጥ ዜሮ ብሎ ማወጅም ለክፍተቱ ዋስትና አይሰጥም። ሜዳዎቹን ከመሙላትዎ በፊት በስትራክቸሩ ሙሉ መጠን ሜምሴት ያድርጉ፤ ከተቻለ ደግሞ ክፍተቱን ስም ሰጥተው የታወቀ ሜዳ ያድርጉት።

የኦብጀክት ካሽ (አንድ ዓይነት ኦብጀክቶችን ብቻ የሚያድል መደብ) በኮንስትራክተር የፈጠሩ እንደሆነ ይጠንቀቁ፤ ኮንስትራክተሩ የሚሠራው ስላቡ (ኦብጀክቶቹ የሚቆረጡበት የገጽ ክምችት) ሲዘጋጅ እንጂ ኦብጀክት በተመደበ ቁጥር አይደለም። ተለቆ እንደገና የተመደበ ኦብጀክት ሲለቀቅ የነበረውን ይዞ ይመጣል።

ለፍለጋው ትክክለኛው መሣሪያ ያልተሞላ ሜሞሪ ጥቅም ላይ ሲውል የሚይዘው ኬምሳን ነው፤ ከ2022 ጀምሮ፣ በ6.1 ስሪት፣ ዋናው ሊኑክስ ውስጥ ገብቷል። ክላንግ በተባለው ኮምፓይለር ኮምፓይል መደረግ አለበት። ኬሳን ይህን ሥራ አይሠራልዎትም፤ እሱ ከወሰን ያለፈና ከተለቀቀ በኋላ የተነካ ሜሞሪን ነው የሚይዘው። ኬምሳን ለእያንዳንዱ የከርነል ባይት አንድ የጥላ ባይት፣ ለየ4 ባይቱም ባለ4 ባይት የምንጭ መዝገብ ስለሚይዝ ለሙከራው ማሽን ከተለመደው እጅግ የበለጠ ሜሞሪ ይስጡት። ቆሻሻው ሲገለበጥ ዝም ይላል፤ የሚጮኸው ሁኔታ ሲወሰንበት፣ እንደ ፖይንተር ሲነካ ወይም ወደ ተጠቃሚ ሲወጣ ነው። ሪፖርቱን ከታች ወደ ላይ ያንብቡት። ከታች ‹የተፈጠረው እዚህ ነው› የሚለው ክፍል ምደባውን ወይም የስታክ ተለዋዋጩን ያሳያል፣ መካከል ላይ የተቀመጠበት መንገድ ይታያል፣ ከላይ ደግሞ ጥቅም ላይ የዋለበት። የሚስተካከለው ብዙውን ጊዜ ከታች ያለው ነው።

ኬምሳን መጫን በማይቻልበት ማሽን ላይ የስለብ ዲበግን (የከርነሉን የሜሞሪ መደቢያ መፈተሻ) ፖይዝን አማራጭ በቡት ፓራሜትር ያብሩ። ነጻ ኦብጀክት በሄክስ 6ቢ ይሞላል፣ የመጨረሻ ባይቱ ኤ5 ነው። ክራሽ ላይ 6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ ያለበት ሬጅስተር ካዩ፣ ወይ ከተለቀቀ በኋላ ተነክቷል ወይ ከተመደበ በኋላ ሳይጻፍበት ተነቧል። በሥራ ላይ ላለ ማሽን ደግሞ ከ5.3 ስሪት ጀምሮ ‹ኢኒት ኦን አሎክ› የሚል ፓራሜትር አለ፤ 1 ሲሆን ምደባዎችን በዜሮ ይሞላል። ለሙከራ ማሽንዎ ግን አያብሩት፤ ልትይዙት የምትፈልጉትን ጥፋት ይደብቀዋል።

ጥያቄ፦ ባለ64 ቢት አርም ቦርድ ላይ አራቱም ኮሮች አብረው ይነሳሉ። ቢኤስኤስን አጸዳለሁ፣ ነገር ግን የሞላኋቸው ተለዋዋጮች ወደ ዜሮ ይመለሳሉ።

መልስ፦ ሌሎቹም ኮሮች እያጸዱት ነው። አንደኛው አጽድቶ፣ ሞልቶ ሲሄድ ዘግይቶ የደረሰው እንደገና ያጸዳበታል። በመግቢያው ላይ ኤምፒአይዲአር ሬጅስተርን አንብበው የኮር ቁጥሩ ዜሮ ያልሆነውን ሁሉ በደብሊውኤፍኢ ኢንስትራክሽን ያስጠብቁ። የሚጠብቁበት ፍላግ ግን ቢኤስኤስ ውስጥ እንዳይሆን፤ ከጽዳቱ በፊት ቆሻሻ ይዞ ‹ሂዱ› ሊላቸው ይችላል። ‹እኩል ይሆናል 0› ብለው ቢጽፉለትም ጂሲሲ ዜሮ የተሰጠውን ተለዋዋጭ መልሶ ቢኤስኤስ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በአትሪቢዩት የዳታ ክፍል ውስጥ ያስገቡት፣ ወይም ‹ጠብቅ› የሚለውን ትርጉም ዜሮ ላልሆነ ቁጥር ይስጡ።

አድራሻ ተርጓሚው ክፍል፣ ኤምኤምዩ፣ ገና ስላልበራ ሁለት ነገር ይጨምሩ። በዚያ ሰዓት ዳታ ሜሞሪው ሁሉ እንደ ዲቫይስ ሜሞሪ ስለሚቆጠር ያልተሰለፈ (አድራሻው በመጠኑ የማይካፈል) ንባብና ጽሑፍ ፎልት ያነሳል፤ በዲሲ ዜድቪኤ ኢንስትራክሽን የሚሞላ ፈጣን ሜምሴትም እንዲሁ። ባለ8 ባይት የተሰለፈ ጽሑፍ ብቻ ይጠቀሙ፣ ኮዱንም በ‹ስትሪክት አላይን› ኮምፓይል ያድርጉ። ሁለተኛው ነገር የፕሮሰሰሩ ካሽ (የሜሞሪ ቅጂ ማቆያ) ነው። እርስዎ ዜሮውን የጻፉት በቀጥታ ወደ ራም ሲሆን፣ ቡትሎደሩ ለዚያው አድራሻ ካሽ ውስጥ አሮጌ መስመር ትቶ ሊሆን ይችላል፤ ኤምኤምዩና ካሽ ሲበሩ የሚነበበው አሮጌው ነው። ካጸዱ በኋላ ክልሉን በዲሲ አይቫክ ኢንስትራክሽን መስመር በመስመር ያሰርዙ፤ የካሽ መስመሩን ስፋት ከሲቲአር ሬጅስተር ያንብቡ እንጂ 64 ባይት ነው ብለው አይገምቱ። የክልሉን ጫፎችም በመስመሩ ስፋት ያሰልፉ፤ አለዚያ የጎረቤት ዳታ አብሮ ይሰረዛል።

ጥያቄ፦ ያለ ኦፕቲማይዜሽን ይሠራል፣ ኦ2 በተባለው የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ ላይ ይበላሻል። ኮምፓይለሩ ይሆን?

መልስ፦ ከኮምፓይለሩ በፊት ያልተሞላ የስታክ ተለዋዋጭ ይጠርጥሩ። ያለ ኦፕቲማይዜሽን ተለዋዋጩ ስታክ ላይ ቋሚ ቦታ ስለሚኖረው በአጋጣሚ ዜሮ ያገኛል፤ ኦ2 ላይ ሬጅስተር ውስጥ ይገባል፣ ወይም ኮምፓይለሩ ‹ዋጋው ምንም ቢሆን አያገባኝም› ብሎ ቅርንጫፉን ጨርሶ ያስወግደዋል። ‹ሜይቢ አንኢኒሻላይዝድ› የሚለው ማስጠንቀቂያ በደንብ የሚሠራው ኦፕቲማይዜሽን ሲበራ ነውና በኦ2 አብሩት። ከዚያ ከጂሲሲ 12 ጀምሮ ያለውን ‹ትሪቪያል ኦቶ ቫር ኢኒት› ‹ፓተርን› አድርገው ይሞክሩ፤ ክላንግም አለው። ጂሲሲ ኤፍኢ፣ ክላንግ በ64 ቢት ላይ በአብዛኛው ኤኤ ይሞላል። አሁን ያለ ኦፕቲማይዜሽንም ከተበላሸ ኮምፓይለሩ ነጻ ነው፤ ክራሹ ላይ ኤፍኢኤፍኢ ወይም ኤኤኤኤ የያዘውን ሬጅስተር ወደ ኋላ ተከትለው ተለዋዋጩ ጋ ይድረሱ። ኢንላይን አሴምብሊ ካለዎት ደግሞ በተጨማሪ የሚቀይራቸውን ሬጅስተሮች ሁሉ መዘርዘሩን ይፈትሹ፤ ያልተዘረዘረ ሬጅስተር የሚያሳየው ምልክት ካልተሞላ ተለዋዋጭ ጋር አንድ ነው።

በኤክስ86 64 ቢት ላይ ከሆኑ ‹ኖ ሬድ ዞን› የሚለው የኮምፓይለር አማራጭ መብራቱንም ይዩ። ያለዚያ ፋንክሽኑ ከስታክ ፖይንተሩ በታች ያለውን 128 ባይት ይጠቀማል፣ ኢንተረፕት ሲመጣ ፕሮሰሰሩ እዚያው ላይ ይጽፍበታል። የሞሉት ተለዋዋጭ እንዳልተሞላ ሆኖ ይታያል፤ ኢንተረፕት ሲዘጋ ብቻ የሚጠፋ ብልሽት ከሆነ ምክንያቱ ይህ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።